የጓሮ ግንባታ ፈቃድ፦ የሠራተኛው ማነቆ ወይስ የጎረቤት ዋስትና?

የግንባታ ፈቃድ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚሳለው የባለ ፎቁ ጉዳይ ነው። መሐንዲስ ተቀጥሮ፣ ሲሚንቶ በመኪና ተጓጉዞ የሚቆመው ሕንፃ እንጂ፣ ሠርቶ አደሩ በዕረፍት ቀኑ በገዛ እጁ በጓሮው የሚያቆማት ማድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋታል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አጥር ለአጥር ተጠጋግቶ በሚኖረው ሰፊው ሕዝብ መካከል ቅሬታ የሚፈጥሩት ብዙውን ጊዜ እነዚሁ ትንንሽ ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ትንሽ መስሎ ቢታይም በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። አንደኛው «ግቢው የእኔ ነው፤ በግቢዬ የምሠራውን ማንም ሊጠይቀኝ አይገባም» የሚለው የግለኝነት አስተሳሰብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጉዳዩን ከመስኮት ጀርባ ሆኖ የሚመለከተው የቢሮክራሲ አስተሳሰብ ነው፤ ለእርሱ የዶሮ ቤትና ፋብሪካ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ማኅተም ይጠብቃሉ። እነዚህ አመለካከቶች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ቢመስሉም ውጤታቸው ግን አንድ ነው፦ በሌሊት ተጀምሮ ሳይነጋ ቆርቆሮ የሚለብሰው የጨረቃ ቤት።

የነገሩን ሥር ለመረዳት ወደ ታሪክ መለስ ማለት ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቦታ የመጠቀም መብት ሰጥቷል። በዚሁ አዋጅ የተመሠረቱት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በፍርድ ሸንጎዎቻቸው አማካይነት የቦታና የቤት ክርክርን በቅርብ ያዩ ነበር። የአጥርና የጓሮ ጉዳይ አካባቢውን በሚያውቁ ነዋሪዎች ሊዳኝ እንደሚችል ያን ጊዜ በተግባር ታይቷል።

ድክመቱም ሊሸሸግ አይገባም። የቤት ኪራይ በአዋጅ መቀነሱ ለዝቅተኛው ተከራይ ታላቅ እፎይታ ሆኖ ሳለ፣ ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና የሚበቃ ባለመሆኑ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች አረጁ። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ቤተሰቡ ሲበዛ ግድግዳው አብሮ አልሰፋም። ልጅ ያገባለት፣ ዘመድ ከገጠር የመጣበት ነዋሪ ባሕር ዛፍ ገዝቶ፣ ጭቃ አቡክቶ ከቤቱ ጎን ቀጠለ። ይህ ችግር የወለደው እንጂ ከሕግ ጠላትነት የመነጨ አይደለም።

ታዲያ ፈቃዱ ለምን አስፈለገ? መልሱ የሚገኘው ከአጥሩ ማዶ ነው። ወደ ጎረቤት ያዘነበለ የማድ ቤት ጣሪያ አሸንዳ ከሌለው፣ የክረምቱ ጠፈጠፍ የጎረቤቱን የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ይበላዋል። ከአጥር ተለጥፎ የተሠራ ምድጃ አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ እሳቱ ወሰን አያውቅም፤ መተላለፊያው በአዲስ ግንብ ከጠበበ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ያጣል። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 10 ኩንታል ይመዝናል፤ ይህን ሸክም በደካማ እንጨት ላይ መስቀል በሕፃናት ሕይወት ላይ መቀለድ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድም ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ ፈቃድ በመሠረቱ የባለሥልጣን ችሮታ ሳይሆን የጎረቤት ዋስትና ነው።

ዋስትናነቱ ግን የሚጠበቀው ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ብቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነውን የግል መኖሪያ ከዝቅተኛው ምድብ፣ ፋብሪካንና ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንፃ ደግሞ ከከፍተኛው ማስቀመጡ ይህንኑ መርሕ ያሳያል። መርሑ በወረቀት ላይ ቀርቶ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ለሚመታበት ሥራ የባለ ፎቅ ያህል ምልልስ ሲጠየቅ፣ ሕጉ ሊጠብቀው የተነሣውን ሰው ይጎዳል። በቀን ሥራ ለሚተዳደር ላብ አደር በመስኮት ፊት ያለፈ አንድ ቀን ከልጆቹ አፍ የተነጠቀ እንጀራ ነው። ባለ ገንዘቡ ጉዳይ አስፈጻሚ ይልካል፤ ላብ አደሩ ግን የሚልከው የለውም። ምልልሱ ከቆርቆሮው ዋጋ ሲበልጥ ሕጋዊው መንገድ የባለ ሀብት ብቻ ይሆናል።

መፍትሔው ፈቃድን መሻር ሳይሆን እንደ አደጋው መጠን መደልደል ነው። የዶሮ ቤት፣ የአትክልት መደብና የሚነሣ የፀሐይ መከላከያ ለአካባቢው ጽሕፈት ቤት በማስታወቅ ብቻ ሊሠሩ ይገባል። ማድ ቤት፣ የዕቃ ማስቀመጫና የሮቶ ማቆሚያ በአንድ ገጽ ንድፍ፣ ተዋሳኝ ጎረቤቶች አስተያየታቸውን ሰጥተውበት፣ አንድ ባለሙያ ቦታውን አይቶ አስቀድሞ በተቆረጠ ቀን ውስጥ መልስ ያግኙ። የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ አፈር የሚደግፍ ግንብና ፎቅ የሚሸከም ማናቸውም ሥራ ግን ያለ በቂ ባለሙያ ምርመራ ሊፈቀድ አይገባም።

በዚህ ረገድ የአካባቢ ማኅበራት ድርሻ ከፍተኛ ነው። በየማኅበሩ አናጢ አለ፤ ግንበኛ አለ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ። እነዚህ አባላት የናሙና ንድፍ አዘጋጅተው ለጎረቤቶቻቸው ቢያድሉ፣ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ወሰኑን አብረው ቢለኩ፣ ብዙ ክስ ሳይወለድ ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ነገር ግን ማኅበሩ ራሱ ሌላ መስኮት እንዳይሆን ነቅቶ መጠበቅ ያሻል። የጎረቤት ፊርማ የቂም መወጫ ወይም የእጅ መንሻ መጠየቂያ መሆን የለበትም፤ የሚቃወም ጎረቤት ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ፤ ምክንያት የሌለው ተቃውሞም ሥራ አያግድ።

ሠርቶ አደሩም የራሱ ግዴታ አለበት። መብቱን በቀን ብርሃን ይጠይቅ እንጂ በጨረቃ አይሥራ። በሌሊት የቆመ ግድግዳ ባለቤቱን ሁልጊዜ በሥጋት ያኖረዋል፤ አፍራሽ ግብረ ኃይል በመጣ ቀንም የዓመታት ቁጠባው ፍርስራሽ ይሆናል።

በአጥር ማዶና በአጥር ወዲህ ያሉት ሁለት ቤተሰቦች ጠላቶች አይደሉም። በመካከላቸው የሚነሣው ቅራኔ የወዳጆች ቅራኔ ነው፤ በውይይት ይፈታል። ሕግ ይህን ውይይት ማቀላጠፍ አለበት። ቢሮክራሲው መስኮቱን ዘግቶ ወደ ጓሮው ይውረድ፤ ነዋሪውም ምሰሶ ከመትከሉ በፊት የጎረቤቱን በር ያንኳኳ!