የተቆረጠ አሃዝ አይመለስም

በሰንሰለትና በቲዎዶላይት ጀምረን ላዘር ስካነርና ድሮን ላይ የደረስን ቀያሾች፣ የምላችሁን አቅልላችሁ አትስሙት። መስክ ላይ በሚሊ ሜትር የለካነውን ቢሮ ተመልሰን ኤክስፖርት ስናደርግ እያበላሸነው ነው። ሶፍትዌሩ ምንም አይናገርም። ፋይሉ ይከፈታል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይረከባል።

ላሊበላን ውሰዱ። በዩቲኤም ዞን 37 የከተማዋ የሰሜን ኮኦርዲኔት 1,330,000 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ግን ቁጥርን የሚይዙት በ32 ቢት ፍሎት ሲሆን፣ ይህ አያያዝ የሚሸከመው ሰባት ያህል አሃዝ ብቻ ነው። ሰባቱንም ሜትሩ ይጨርሳቸዋል። ከ1,048,576 እስከ 2,097,152 ያለ ቁጥር በዚህ አያያዝ የሚራመደው በ12.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በመካከል የወደቀ ነጥብ ሁሉ ወደ አንዱ ጫፍ ይሳባል። አዲስ አበባና አዳማ ላይ እርምጃው 6.25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቀሌ ስንደርስ እጥፍ ይሆናል።

እንዲህ የተጻፈ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ፖይንት ክላውድ ካላችሁ፣ ግድግዳውን በአግድም ቆርጣችሁ ከላይ እዩት። የተጠረበው ዐለት መስመር ጠፍቶ ነጥቦቹ በሰሜን በ12.5፣ በምሥራቅ በ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተራራቁ በረድፍ ቆመዋል። ከፍታው ግን ጤነኛ ነው፤ 2,500 ሜትር አካባቢ ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ስሕተቱ ከሚሊ ሜትር ያንሳል። ብዙዎቻችንን የሚያታልለን ይኸው ነው። ከፍታውን ከቤንች ማርክ ጋር አመሳክረን ደኅና ነው እንላለን፣ ጎኑን ግን ማንም አያየውም።

የጽሑፍ ፋይል የባሰ ነው። ስድስት አሃዝ ብቻ እንዲጽፍ የተተወ ፕሮግራም 1330456.789ን 1.33046e+06 ብሎ ይጽፈዋል፤ እርምጃው አሥር ሜትር ሆነ ማለት ነው። ኮኦርዲኔቱ በዲግሪ ከሆነ ለሚሊ ሜትር ከነጥብ በኋላ ስምንት አሃዝ ያስፈልጋል። ላስ ፎርማት በሙሉ ቁጥር ስለሚይዝ ይሻላል፣ ግን ስኬሉን እዩ፦ ለሜትር ዳታ የ0.001 ስኬል ሚሊ ሜትርን ይጠብቃል፤ ያንኑ ስኬል ለዲግሪ ዳታ ብትሰጡት ነጥቦቹ በ111 ሜትር ገደማ ይዘላሉ።

አሃዝ ማብዛት ልኬትን ያሻሽላል ማለቴ አይደለም። ጂፒኤሱ በ3 ሴንቲ ሜትር ከሳተ አሥር አሃዝ ቢጻፍም ስሕተቱ አይጠፋም። የምለው መሣሪያው የሰጠንን በገዛ እጃችን አንጣል ነው።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው መመለሻ የሌለው መሆኑ ነው። የተበላሸውን ፋይል በደብል (የ32 ቢቱ እጥፍ በሆነው አያያዝ) መልሶ ሴቭ ማድረግ የጠፋውን አሃዝ አያመጣም። ዐለቱም ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ይፈረፈራል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በላዘር የመዘገበው ይህ ቅርስ በልኩ ተይዞ እንዲቆይ ነው። ነገ አንድ መሐንዲስ ስንጥቁ ሰፍቶ እንደሆነ ሲጠይቅ መልሱ በሚሊ ሜትር ነው፤ የ12.5 ሴንቲ ሜትር ደረጃ ይዞ የሚጠብቀው ፋይል ምንም አይመልስለትም። የዛሬውን ግድግዳ ያኔ ተመልሶ የሚለካው የለም።

ስለዚህ ፒኤልዋይ ስትጽፉ ደብል ምረጡ። ሶፍትዌሩ ደብል ካልቻለ፣ ለላሊበላ ከምሥራቁ 504,000ን ከሰሜኑ 1,330,000ን ቀንሳችሁ ትንሹን ቁጥር አስቀምጡ፤ የቀነሳችሁትንም ከፋይሉ ጋር ጽፋችሁ አስረክቡ፣ አለዚያ ፖይንት ክላውዱ አገር አልባ ሆኖ ይቀራል። ኤክስፖርት ያደረጋችሁትን መልሳችሁ ክፈቱ፣ አንድ ግድግዳ ቆርጣችሁ ከዋናው ጋር አመሳክሩ። በሥራችሁ ያሉት ወጣቶችም ይህን ሳያደርጉ ፋይል ከቢሮ እንዳይወጣ። የስካነሩን ዋና ፋይል ደግሞ ቦታ ጠበበ ብላችሁ እንዳታጠፉ፣ አደራ።