ባቡሩ በገበያው አለፈ፤ ገበያተኛውስ በየት ይለፍ?

ባቡር በአሮጌ የንግድ ሠፈር መካከል ይለፍ ወይስ ዞሮ ይሂድ የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ ወገን ሐዲድ ሥልጣኔ ነውና በፈለገው ይግባ ይላል። ሌላው ወገን ሐዲድ የገባበት ገበያ አለቀለት ባይ ነው። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ባቡሩ ነው። ለባለሱቁ፣ ለደላላውና በመሐል ከተማ ገንዘቡን ላፈሰሰው ባለሀብት ግን ትልቁ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ ሰው ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ እንደ ቀድሞው መሻገር ይችላል ወይ? አዲስ አበባ ይህን ሳትጠይቅ ገንብታ መልሱን ከግንባታው በኋላ ያየች ከተማ ናት።

የከተማዋ ቀላል ባቡር የመጀመሪያ መስመር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። ሁለቱ መስመሮች ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን አብዛኛው ገንዘብ የተገኘው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር ነው። አሮጌውን መሐል ከተማ በቀጥታ የሚመለከተው ከቃሊቲ የሚነሳው መስመር ነው። በለገሃር፣ በሜክሲኮና በልደታ አልፎ፣ አብነትን፣ ሰባተኛን፣ አውቶቡስ ተራን፣ ጎጃም በረንዳንና አትክልት ተራን ነክቶ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ላይ ያበቃል። በሌላ አነጋገር መርካቶንና ፒያሳን በአንድ ክር የሚያያይዝ መስመር ነው። (አትክልት ተራ የሚለው የጣቢያ ስም ቀርቷል። ጅምላ ገበያው ግን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ቆየት ብሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ስለተዛወረ፣ ስሙን አምኖ ቲማቲም ፍለጋ የሚወርድ እንግዳ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል።)

የሁለቱ ሠፈሮች ዝምድና ከባቡሩ በፊት ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማዋ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አርቀው መርካቶ ብለው ሲያቋቁሙ፣ አራዳን ፒያሳ ብለው ለራሳቸው ሱቅና ቡና ቤት ያዙት። ገበያው በትእዛዝ ቢከፈልም ገበያተኛው በእግሩ መልሶ አገናኘው። ወርቁን ፒያሳ ይጠይቃል፣ ልብሱን መርካቶ ይገዛል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር እንኳ ወደ አራዳ አልወጣም፤ ከታች ለገሃር ላይ ቆሞ ሰውና ዕቃ ዳገቱን በሌላ ዘዴ ይወጡ ነበር። ሐዲድ በገበያው ወገብ ላይ ሲያልፍ የቀላል ባቡሩ የመጀመሪያው ነው።

ከተማዋን የማያውቅ መሐንዲስ መርካቶን ሲያይ ትርምስ ይታየዋል። የንግዱን አሠራር የሚያውቅ ሰው ግን የዋጋ መወሰኛ መሣሪያ ያያል። ገዢው ከአንዱ ሱቅ ይገባል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ «መጣሁ» ብሎ ይወጣል፣ ማዶ ተሻግሮ ሦስት አራት ሱቅ ያዳርሳል፣ ከዚያ ይመለሳል ወይም ይቀራል። የችርቻሮውን ዋጋ ልክ የሚያስገባው ይህ «መጣሁ» ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ ያላሰበውን ካልሲ፣ ያላሰበውን ድስት ይዞ ይሄዳል። አሁን በሁለቱ ሱቆች መካከል አጥር ቢገባና መሻገሪያው 300 ሜትር ቢርቅስ? ሸክም የያዘች እናት ስድስት መቶ ሜትር ደርሶ መልስ አትሄድም። «መጣሁ» ያለችው ሱቅ ደንበኛዋን ያጣል። እሷም በተሻገረችበት ወገን ባገኘችው ዋጋ ትገዛለች። አንድ ገበያ የነበረው ሁለት ግማሽ ገበያ ይሆናል፤ በሁለቱም ወገን ውድድሩ ይቀንሳል፣ የመሻገሪያው አፍ ላይ ያለው ባለሱቅ ብቻ ያተርፋል። የዚያ ሱቅ ኪራይ ለምን ሰማይ እንደሚነካ፣ ሃምሳ እርምጃ አለፍ ብሎ ያለው ለምን ተከራይ እንደሚያጣ ደላሎች ጥናት ሳያስፈልጋቸው ያውቁታል።

በአዲስ አበባ የተሠራው ሐዲድ እንደየቦታው ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንድ ቦታ በድልድይ ላይ ያልፋል። ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ከመሬት በታች ይገባል። መሬት ላይ በተዘረጋባቸው እንደ ሳሪስ፣ ሃያ ሁለትና ሲኤምሲ ባሉ ሠፈሮች ግን በግራና በቀኝ ታጥሮ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። ድልድዩ ከሥሩ ሰው ስለሚያሳልፍ ከአጥሩ ይሻላል። ሆኖም ምሰሶው የዕቃ ማውረጃውን ቦታ ይወስዳል፣ የሱቁንም ግንባር ያጨልማል። ከመሬት በታች የገባው ለእግረኛው የተመቸው ነው፤ ግን ውድ ነው፣ እሱም ቢሆን ከላይ ያለውን ማንሳቱ አልቀረም። የሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለዚሁ ሥራ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነስቶ የተመለሰው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱ ቢያንስ መመለሻ ቀን ነበረው። ለሦስት ዓመት ከደጁ የራቀ ደንበኛ ግን በዚያው ሌላ ሱቅ ይለምዳል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ራሱ አንድ አቋም እንደሌለው መታወቅ አለበት። የጅምላው ነጋዴ ዓይን ያለው አይሱዙው ላይ ነው። ከሞጆ የመጣው ዕቃ የሚራገፍበት፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው የሚጫንበት ቦታ ካገኘ የእግረኛው ብዛት ለእሱ ግርግር ነው። ስለዚህ ሐዲድ መጣ ሲባል የሚጮኸው መኪና መግቢያ ያሳጣኛል ብሎ ነው። ቸርቻሪው ተቃራኒው ነው። መኪናው ቢወጣለት፣ ባቡሩ በየአምስት ደቂቃው ሁለት መቶ ሰው ደጁ ላይ ቢያራግፍለት ደስታው ነው። የንግድ ማኅበረሰቡ ተቃወመ ወይም ደገፈ የሚል ዘገባ በወጣ ጊዜ የተናገረው የትኛው ነጋዴ እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል። ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አለ፤ መጫንና ማራገፍ ለሌሊት፣ ቀኑ ለእግረኛና ለባቡር። መርካቶ ውስጥ የሌሊት ጭነት እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ የሚጎድለው ሰዓቱን በደንብ ማስከበር ነው።

የአጥሩ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። በዚህች ከተማ ትራፊክ ውስጥ ሐዲዱ ክፍት ቢሆን ሚኒባሱ ይገባበታል፣ ጋሪው ይቆምበታል፣ አደጋውም ይበዛል፣ ባቡሩም እንደ አውቶቡስ ተሰልፎ ይቀራል ይላሉ። ለሳሪስና ለአያት ይህ ክርክር ያስኬዳል፤ በእነዚያ ረጃጅም መንገዶች ላይ ፍጥነት የባቡሩ ዋና ዕቃው ነው። በገበያው ውስጥ ግን ስሌቱ ይለያል። ሁለት ኪሎ ሜትር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስድስት ደቂቃ ይወስዳል። ባቡሩ በሰው መካከል ደወል እየደወለ በ12 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። ልዩነቱ አራት ደቂቃ ነው። አንድን ገበያ ለሁለት የመክፈል ዋጋ ይህችን አራት ደቂቃ ለማዳን ሲባል የተከፈለ ነው።

በሌላው ዓለም አሮጌ ከተሞች የተከፈለው ዋጋ የተለያየ ነው። የጣሊያኗ ፍሎረንስ ባቡሩን በታላቁ ካቴድራሏ ሥር ልታሳልፍ አስባ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠበት። አስገዳጅነት ባልነበረውና ከግማሽ በታች መራጭ በወጣበት በዚያ ድምፅ የተቃወመው በለጠ። በሚቀጥለው ዓመት ከንቲባ የሆኑት ማቴዮ ሬንዚ የካቴድራሉን አደባባይ ለተሽከርካሪ ዘግተው ለእግረኛ ሰጡ፤ ባቡሩም በዚያ ማለፉ ቀረ። ከተማዋ ባቡር አልጠላችም። መስመሮቿን በዳር በዳር እየዘረጋች፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በሌላ አቅጣጫ ዞራ ሳን ማርኮ አደባባይ አስገብታለች። ሊነሳ የሚገባው ነጥብ፣ መኪናውን ማስወጣት ባቡር ከማስገባት ጋር የግድ የተያያዘ አለመሆኑ ነው።

የፈረንሳይዋ ቦርዶ ሌላውን መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ2003 ባቡሯን በአሮጌው ከተማ መካከል አስገባች፤ የጥንቱን ሕንፃዎች ገጽታ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳያበላሸው ኃይሉን ከመሬት እንዲያገኝ አደረገች። ዘዴው በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ብልሽት በብልሽት ነበር። ሆኖም ከተማዋ ከአራት ዓመት በኋላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራለች።

ለመርካቶ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ኢየሩሳሌም ነው። የያፎ ጎዳና የከተማዋ የቆየ የንግድ መንገድ ነው። ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያንና ስሙን ከኢትዮጵያውያን ካገኘው ጎዳና በእግር ስለሚደረስ ለተሳላሚዎቻችን እንግዳ አይደለም። የባቡሩ ቁፋሮ ለዓመታት ጎትቶ፣ የመክፈቻው ቀን ደጋግሞ ተላልፎ፣ ባቡሩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 ነበር። በዚያ መሐል የጎዳናው ባለሱቆች ብዙ ተጎዱ። ሲከፈት ግን መኪናው ከጎዳናው ወጣ፣ ሐዲዱ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ተነጠፈ፣ አጥር የሚባል ነገር አልገባም። ባቡሩ ማሐነ ይሁዳ ገበያ አፍ ላይ ይቆማል፤ ሰው ሁለት ዘንቢል ይዞ ከሐዲዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሻገራል። መርካቶ ከዚህ የሚወስደው ሁለት ነገር ነው። ሐዲድና እግረኛ አብረው መኖር ይችላሉ፣ የሚጎዳው ዘመን የቁፋሮው ዘመን ነው።

ባቡሩ ሰው ያመጣል የሚባለው ግን ባቡር ሲኖር ነው። ሥራ ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አካባቢ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ነበር። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ገቢው በብር ነው፣ ታሪፉም ሲጀመር ከሁለት እስከ ስድስት ብር ነበር። በዚህ ዋጋ ትኬት ሸጦ የባቡር ጎማና ፍሬን በዶላር መግዛት እንደማይቻል ለማወቅ ሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልግም። ድጎማው ደግሞ አስቀድሞ ቃል ተገብቶ በጀት ካልተያዘለት በየዓመቱ ልመና ነው። ለአራት ደቂቃ ሲባል አጥር የታጠረለት ተሳፋሪ ጣቢያ ላይ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል። በመሐል ከተማ ሌላ መስመር ይሰመር የሚል ሁሉ መጀመሪያ የቆሙትን ያንቀሳቅስ፤ ነጋዴውም ይህን ሳያይ ለአዲስ መስመር ማጨብጨብ የለበትም።

ፒያሳ ለዚህ ጉዳይ የቅርቡ መፈተኛ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የቆዩ ሠፈሮች ፈርሰው መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃውም አማረ። ነዋሪው ግን ወደ ከተማዋ ዳር ሄደ። ቀድሞ ፒያሳን የሚያሞቀው በአቅራቢያው የሚያድር ሰው ነበር፤ ለሻይ፣ ለዳቦ፣ ለጫማ ጥገና በቀን ሦስት ጊዜ የሚወጣ። ዛሬ ያ ሰው የሚመጣው ትራንስፖርት ካገኘ ነው። በአዲሱ ፒያሳ ቦታ የያዘ ባለሀብት የሕንፃውን ምድር ቤት ኪራይ ሲተምን የእብነ በረዱን ዓይነት ትቶ ከምኒልክ አደባባይ ጣቢያ በሰዓት ስንት ባቡር እንደሚነሳ ቢቆጥር ይሻለዋል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ እግረኛ አይወልድም።

የሚቀረው የቁፋሮው ዘመን ሒሳብ ነው። መስመሩ ሲሠራ በሥራ ላይ የነበረው የካሳ አዋጅ 455/1997 የሚያየው በሚወሰደው መሬት ላይ ያለውን ንብረት ነበር። ሱቁ ሳይፈርስ ደንበኛው ሁለት ዓመት የተቋረጠበት ተከራይ በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልገባም፤ ኪራይና ግብር ግን እንደወትሮው ከፍሏል። ለወደፊቱ ለማንኛውም የመሐል ከተማ ሐዲድ ነጋዴዎች ከፕላኑ ቀድሞ ሊጠይቁ የሚገባው ይህን ነው። ተከራይ የሚካተትበት ካሳ፣ ካልሆነም በቁፋሮው ወራት የግብርና የቀበሌ ቤት ኪራይ ቅናሽ። ሁለተኛው፣ መንገዱ በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እንዳይቆፈር፤ ሦስት መቶ ሜትር ተቆፍሮ፣ ተነጥፎ፣ ለሰው ተከፍቶ ወደሚቀጥለው ይታለፍ። ሦስተኛው፣ ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከፋሲካና ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ምንም አዲስ ጉድጓድ አይከፈት። ይህም በተቋራጩ ውል ውስጥ ከነቅጣቱ ይግባ፣ የሥራውም ቀጠሮ በአማርኛ ተጽፎ በየተራው መግቢያ ላይ ይለጠፍ።