ጌጡ ከሞልዱ መቼ ይውጣ?

ልጄ ልትመረቅ አራት ቀን ሲቀራት፣ ከእናቴ ነጠላ ጥለት የተፈታ ክር ወስጄ የሬዚን የአንገት ጌጥ ልሠራላት ተነሣሁ። እናቴ ዛሬ የለችም፤ ክሩም ያችው ብቻ ናት። ማታ ሞልዱ ውስጥ አፈሰስኩት፤ በማግስቱ ማታ፣ ልክ 24 ሰዓት ሲሞላው፣ ላወጣው ሞከርኩ። ከላይ መስታወት ይመስል ነበር። ገፋ ሳደርገው ግን እንደ ማስቲካ ተጣጠፈ፤ የአውራ ጣቴ አሻራም ቁጭ አለበት።

ካርቶኑ ላይ «24 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው ለሞቀ ክፍል፣ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ለሚሆን ነው። የአዲስ አበባ የሐምሌ ሌሊት ይህን አያውቅም። ብርድ ሲሆን ሬዚኑ ይዘገያል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ኤፖክሲ ሬዚን የሚጠነክረው ሁለቱ ፈሳሾች ሲዋሐዱ በሚፈጥሩት ሙቀት ጭምር ነው። ተጠራቅሞ የተቀመጠ ሬዚን ሙቀቱን ይዞ ቶሎ ይጠነክራል፤ ስስ ጉትቻ ግን ሙቀቱን ስለሚያጣ ይቆያል። ስለዚህ መቀላቀያ ኩባያው ውስጥ የቀረውን ነክታችሁ «ደርቋል» አትበሉ። እኔ የተሸወድኩት በእሱ ነው። ይልቅ ከጌጡ እኩል ስስ የሆነ ትርፍ ቁራጭ እዚያው ጎን አፍስሱና እሱን ፈትኑ፦ በስቲኪኒ ሲነካ የማይጣበቅ፣ ጓንት ባደረገ ጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ ሲያጥፉት እምቢ የሚል መሆን አለበት። ከዚያ የሞልዱን ጠርዝ ቀስ አድርጋችሁ ሳብ አድርጉት። ጌጡ በራሱ ከተላቀቀ ጊዜው ደርሷል፤ ሞልዱን ተከትሎ ከተሳበ ተዉት፣ ይደር።

በሁለት በሦስት ቀንም ከተጣበቀ ጥፋቱ የጊዜ ላይሆን ይችላል፤ ልኬቱ ወይም ማማሰሉ ተበላሽቶ ይሆናል። ማጠንከሪያ ጨምሮ ማፍሰስ አያድነውም። አንዳንዱ በመጠን፣ አንዳንዱ በክብደት ስለሚለካ መመሪያውን አስቀድማችሁ አንብቡ።

ለማፋጠን ብላችሁ ምድጃ ወይም ማይክሮዌቭ እንዳታስቡ። ሞቅ ባለ፣ አየር በሚገባበት ክፍል፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ካርቶን ደፍታችሁበት ጠብቁ። መኝታ ቤት ግን አይሆንም።

ከሞልድ መውጣትና ለመልበስ መድረስም ይለያያሉ። ብዙዎቹ ሬዚኖች ሙሉ በሙሉ የሚጠነክሩት ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በደንብ ያልጠነከረ ሬዚን የቆዳ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል አንገት ላይ አይንጠልጠል፤ ቀዳዳውንም አትቸኩሉበት።

የእኔን መልሼ ሞልዱ ውስጥ አስተኛሁት። ቅርጹ ተስተካከለ፣ አሻራው ቀረ። ለምረቃው አልደረሰም፤ ልጄ ያደረገችው ከሳምንት በኋላ ነው። አሻራውን በአሸዋ ወረቀት አሽቼ በስስ ሬዚን ልሸፍነው ስነሣ፣ «ተይው እማዬ» ብላ ከእጄ ወሰደችው።