ለሙቅ ውሃ የሚባክነው ማገዶ ይታሰብበት

በገጠሩ ኑሮ ማገዶ ከእህልና ከውሃ ቀጥሎ የሚጠራ ብርቱ ጉዳይ ነው። እህሉ በጎተራ፣ ውሃውም በእንስራ ቢኖር፣ እሳት ካልነደደ በስተቀር ለማዕድ የሚደርስ ነገር የለም። ስለ ማገዶ ቁጠባ በተነገረ ቁጥር ግን አስቀድሞ የሚነሣው የእንጀራው ምጣድ ነው፤ ከምጣዱ ቀጥሎም ወጡ ይታሰባል። በየዕለቱ ማገዶ የሚበላው ሦስተኛው ሥራ፣ ማለትም ውሃ ማሞቅ፣ ከቁጥር ሳይገባ ይቀራል።

ለዚህ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ወረዳ የምትገኘውን ውጫሌን በምሳሌነት መመልከት ይቻላል። ውጫሌ ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስሟ በታሪክ የገነነው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአካባቢዋ በይስማ ንጉሥ በተፈረመው ውል ምክንያት ነው። ዛሬ በከተማይቱና በዙሪያዋ በሚገኙት ቀበሌዎች እናቶችን በየማለዳው የሚያሳስበው ግን የጉልቻው ጉዳይ ነው።

በዚህ አገር ሙቅ ውሃ የቅንጦት ነገር አይደለም። አራስ ትታጠብበታለች፤ ሕፃን ገላው ይታጠብበታል፤ ከእርሻ የተመለሰ ገበሬ እግሩን ይለቃለቅበታል። ብርዱ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ሙስሊሙ ለዉዱእ ለብ ያለ ውሃ ይሻል። ቡናው በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይፈላል። በመንገዱ ዳር ያሉት ሻይ ቤቶችም ከንጋት እስከ ምሽት ማንቆርቆሪያቸውን ከእሳት ላይ አያወርዱም። ይህ ሁሉ ሲደመር ለውሃ የሚነደው እንጨት ቀላል የሚባል አይሆንም።

ነገሩን በቁጥር መመርመር ይጠቅማል። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ አንድ ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ያስፈልገዋል። አንድ ቤተሰብ በቀን 20 ሊትር ውሃ ለገላና ለልብስ ያሞቃል ቢባል፣ የቀዘቀዘውን የ20 ዲግሪ ውሃ ወደ 45 ዲግሪ ለማድረስ 500 ኪሎ ካሎሪ ይጠይቃል። አንድ ኪሎ በደንብ የደረቀ እንጨት 3,600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት በውስጡ ይዟል። ሙቀቱ በሙሉ ውሃው ውስጥ ቢገባ ኖሮ ከ150 ግራም የማይበልጥ እንጨት፣ ማለትም አንድ እፍኝ ጭራሮ፣ ይበቃ ነበር።

በሦስት ጉልቻ ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ነበልባሉ በጉልቾቹ መካከል ወደ ጎን ይወጣል፤ ነፋስ ይወስደዋል፤ ገሚሱም ጢስ ሆኖ ጣራውን ያጠቁራል። ከሙቀቱ ውስጥ ድስቱን የሚያገኘው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። 10 በመቶ ቢያዝ ያው 20 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ከ400 ግራም የሚሆን እንጨት ይፈጃል። ከሙቀቱ 25 በመቶውን ለድስቱ በሚያደርስ የተሻሻለ ምድጃ ላይ ሲሆን፣ ግማሽ ኪሎ ከጥቂት ግራም በላይ አያስፈልግም። ልዩነቱ በዓመት ከ3 ኩንታል በላይ ይመጣል። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ 30 ኪሎ እንጨት ትሸከማለች ቢባል፣ ይህ 10 ሸክም ነው። 10 ጊዜ ተራራ መውጣትና መውረድ፣ 10 ቀን ከሌላ ሥራ መጉደል፣ ወይም አንዲት ልጃገረድ 10 ቀን ከትምህርት ቤት መቅረት ማለት ነው።

እንጨት ሲጠፋ ወደ እሳቱ የሚገባው ኩበት ነው። ከ100 ኪሎ ደረቅ ኩበት ውስጥ 1 ኪሎ ተኩል ያህሉ ለእህል ቡቃያ አስፈላጊ የሆነው ናይትሮጅን ነው። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይበናል፤ አፈሩን የሚያለሰልሰውና እርጥበት የሚይዝለት ብስባሽም አብሮ ይጠፋል። አመዱ ጥቂት ንጥረ ነገር ይዞ ቢቀርም ለመሬቱ የሚመለሰው ከስንት አንዱ ነው። በዚህ አኳኋን ገበሬው በአንድ እጁ ማዳበሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ በሌላው እጁ የራሱን ማዳበሪያ እግር ለመታጠቢያ ያነደዋል።

ወሎ የመሬት መራቆትን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ ከሕዝቡ አእምሮ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ በየተራራው የተሠራው እርከን፣ የተከለለው ቁጥቋጦ፣ የተተከለው ችግኝ የብዙ ሰው ላብ ፈሶበታል። በቀን የተተከለው በማታ እየተቆረጠ ከነደደ ያ ድካም ከንቱ ይሆናል። ማገዶ አገርን የሚያስጨንቅ ነገር መሆኑ አዲስ አይደለም። በውጫሌው ውል ስማቸው የሚጠራው ዐፄ ምኒልክ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው እንጨት ባለቀ ጊዜ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱን ካቆዩአት ነገሮች አንዱ በዘመናቸው የገባው ባሕር ዛፍ መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም ዛፍ መትከል የጉዳዩ አንድ ወገን ነው። የተተከለውን በቁጠባ ማንደድ ሁለተኛው ወገን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መፍትሔዎቹ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹም ሳንቲም አያስወጡም።

የመጀመሪያው ክዳን ነው። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ 540 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህ ከላይ የተጠቀሰውን 20 ሊትር የመታጠቢያ ውሃ ለብ ለማድረግ ከሚበቃው ይበልጣል። ያልተከደነ ድስት እያንተከተኩ መተው እንጨቱን ወደ ሰማይ መልቀቅ ነው። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱ ቢጨመርበት ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ለመጠጥ የሚፈላውም ደህና አድርጎ አንድ ደቂቃ ከተንተከተከ ይበቃዋል። እንጨቱም አስቀድሞ ተፈልጦ በጥላ ሥር ይድረቅ። እርጥብ እንጨት የራሱን ውሃ እስኪያተን ድረስ ሙቀቱን ለራሱ ይበላል፤ ጢሱም ይበዛል።

ሁለተኛው ምድጃውን መለወጥ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሠርቶ የወጣው «ምርጥ» ምድጃ ለእንጀራ መጋገሪያ የታሰበ ሲሆን፣ የማገዶውን ወጪ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለውሃና ለወጥ የሚስማማው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው «ትክክል» የተባለው የእንጨት ምድጃ ነው። ውስጡ ሸክላ፣ ውጪው ቆርቆሮ ሆኖ ነበልባሉን ሰብስቦ በቀጥታ ወደ ድስቱ ቂጥ ይልካል። ከሰል ለሚጠቀሙት ደግሞ «ላቀች» አለ፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ሲነጻጸር ከከሰሉ ሩብ ያህሉን ያተርፋል። ሻይ ቤቶች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት ልማድ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እንጨት ይቃጠላል፤ ስለዚህ የተረፈው እያንዳንዱ ኪሎ ከሰል ስድስት እጥፍ እንጨት ከተራራው ላይ ያስቀራል። የፈላውን ውሃም በፔርሙዝ ማስቀመጥ ማንቆርቆሪያውን ቀኑን ሙሉ ከእሳት ላይ ከማቆየት ያድናል።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት እና ከዚያ በላይ የሚሆን የፀሐይ ኃይል ያርፋል። በጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሳፋ 10 ሊትር ውሃ ተደርጎበት፣ በላዩ መስታወት ወይም ነጭ ላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ቢውል ለገላ የሚሆን ሙቅ ውሃ ያስገኛል። ያንን ውሃ በሚከደን ዕቃ ገልብጦ፣ ዕቃውን ጭድ በተጠቀጠቀበት ሣጥን ውስጥ ማሳደር ለንጋቱ ዉዱእና ለሕፃናቱ ፊት ማጠቢያ ያደርሰዋል። ይህ ውሃ ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ የታሰበ አለመሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም። በክረምት ደመና ሲበዛም ምድጃው ቦታውን ይይዛል።

በከተማይቱ ላሉት ሆቴሎች፣ ለጤና ጣቢያዎችና ለትምህርት ቤቶች የሚስማማው በጣራ ላይ የሚቀመጠው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው። 2 ካሬ ሜትር የሆነ ማሞቂያ በጥሩ ፀሐይ ቀን 150 ሊትር ውሃ በ30 ዲግሪ ያህል ያሞቃል። ታንከሩ ከማሞቂያው በላይ ከተቀመጠ የሞቀው ውሃ በራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ፓምፕ አያስፈልገውም። በቆጵሮስ ደሴት አብዛኛው ቤት በዚህ መሣሪያ ይገለገላል፤ ቻይናም በብዛቱ በዓለም ቀዳሚ ናት። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቦይለር 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። በዚህ ኃይል ባለ 10 ዋት አምፑል 370 ሰዓት ይበራል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ቢያደርግም፣ ፀሐይ በነፃ የምትሠራውን ሥራ ለቦይለር መስጠት ብልህነት አይደለም።

አራተኛው ባዮጋዝ ነው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ተዘርግቶ ነበር። አራት ያህል ከብት ያለውና ውሃ በቅርብ የሚያገኝ ገበሬ ከፋንድያው ጋዝ አውጥቶ ውሃውን ያፈላል፤ የሚተርፈውን ዝቃጭ ማዳበሪያ አድርጎ ለማሳው ይመልሳል። ከብቱ ያነሰ ወይም ውሃው የራቀ ቤተሰብ ግን በዚህ ባይደክም ይሻላል።

የጤናም ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በጢሱ የሚጎዱት እሳቱ አጠገብ የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ትልቅ ድስት ተንሸራቶ ሕፃን ሲያቃጥል መስማትም አዲስ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ብዙ ቤቶች ከጉልቻው ለምን አልተላቀቁም? «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት በዚህ ጉዳይ ሲጠቀስ ይሰማል። ለወጡ ጣዕም ተረቱ እውነት ይሆን ይሆናል፤ ለማገዶው ግን አይሠራም። ሆኖም እናቶች ያለ ምክንያት አልዘገዩም። ጉልቻ ትንሹንም ትልቁንም ድስት ይችላል፤ ምድጃው ግን ለተወሰነ ድስት የተሠራ ነው። የጉልቻው እሳት ማታ ቤቱን ያሞቃል፤ መብራት በሌለበትም ያበራል። ምድጃው ረጅሙን ግንድ አይቀበልም፤ እንጨቱ በትናንሹ መፈለጥ አለበት፤ ፈላጩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባልየው ነው። ከሁሉ በላይ ምድጃው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጭራሮው ግን በጉልበት ይገኛል። የሴቲቱ ጉልበት በቤቱ ሒሳብ ውስጥ ስለማይጻፍ ጭራሮው ነፃ መስሎ ይታያል።

ስለዚህ ኃላፊነቱ ለእናቶች ብቻ የሚተው አይደለም። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና የልማት ሠራተኞች የታደለውን ምድጃ ቆጥረው ሪፖርት ማድረጋቸው አይበቃም። ከዓመት በኋላ ተመልሰው ስንቱ እየነደደ፣ ስንቱ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ እንደቀረ መመልከት ይገባቸዋል። ምድጃው በየቤቱ ባለው ድስት ልክ እንዲሠራ በአካባቢው ያሉት የሸክላ ሠሪ ሴቶች ሥልጠናና የቅርብ ገበያ ይሻሉ፤ የተሰነጠቀውን የሚጠግን ሰው በቅርብ ካልተገኘ ጉልቻው ተመልሶ ይመጣል። የቁጠባና ብድር ማኅበራትም የምድጃውን ዋጋ እህል ተወቅቶ በሚገባበት በጥር ወር እንዲከፈል ቢያደርጉ ገበሬው አይከብደውም። አባወራውም እንጨቱን በመፍለጥና በማድረቅ ድርሻውን ይወጣ።

ማሳያም ያስፈልጋል። በአንድ ገበያ ቀን በውጫሌ አደባባይ አንድ ዓይነትና እኩል የተመዘነ እንጨት ለጉልቻና ለተሻሻለው ምድጃ ተሰጥቶ፣ እኩል ውሃ በተከደነ ድስት ቢጣድ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚፈላና ስንት እንጨት እንደሚተርፍ ሕዝቡ በዓይኑ ያያል። ሚዛንና ሁለት ድስት ከተገኘ ለዚህ የሚጠየቅ ሌላ በጀት የለም። የሚተርፈው እንጨት በተራራው ላይ ዛፍ ሆኖ ይቆያል፤ የሚተርፈው ኩበት ወደ ማሳው ይመለሳል፤ የሚተርፈው ቀንም ለእናቲቱና ለልጅቱ ይሆናል። ሥራው ዛሬ ማታ በየቤቱ ድስቱን ከመክደን ሊጀመር ይችላል።