ጾሙ ለአንደበት አይፈታ

55ቱ የጾም ቀናት ተፈጽመው ቅቤውና ዶሮው ወደ ማዕድ ተመልሷል። በእነዚያ ቀናት የጾመው ግን ሆድ ብቻ አልነበረም። አንደበትም ከክፉ ንግግር እንዲጾም ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። እነሆ ሆድ ጾሙን ፈትቷል፤ አንደበትስ በምን ሊፈታ ነው? በዚህ የበዓል ገጻችን ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው።

ጸያፍ ስድብ በዘመናችን የተፈጠረ አይደለም። የዛሬውን የተለየ የሚያደርገው መብዛቱና መርከሱ ነው። በመናኸሪያው፣ በባጃጅ ተራው፣ በኳስ ሜዳው፣ አንዳንዴም በገዛ ግቢያችን ውስጥ ወጣቶች እናትን የሚያዋርድ ቃል ለቁጣ ብቻ ሳይሆን ለቀልድ፣ ለአድናቆትና ለሰላምታ ጭምር ሲያውሉት እንሰማለን። ለሁሉ የሚያገለግል ቃል ደግሞ ውሎ አድሮ ለምንም አያገለግልም። ጓደኛውን በስድብ ሰላም የሚል ሰው በእውነት የተበደለ ዕለት የሚናገረው ያጣል፤ ቃል ሲያጥረውም እጁን ያነሣል። የስድብን መብዛት የቃላት ድህነት የምንለው ስለዚህ ነው።

ድህነቱ ግን የቋንቋችን አይደለም። አማርኛ ለተከፋ ልብ ብዙ ቃላት አሉት። ቅር የተሰኘ ሰው በአንድ ይቅርታ ይመለሳል፤ የተቀየመ ነገሩን በሆዱ ይይዛል፤ ቂም የቋጠረ ቀን ይጠብቃል። ንዴት ቶሎ ይበርዳል፤ ምሬት ይከርማል። ወቀሳ ለወዳጅ፣ ተግሣጽ ለልጅ፣ እሮሮ ሰሚ ላጣ ነው። ከሁሉም በላይ፣ አንድ አዛውንት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ታዘብኩህ» ሲሉት የሰማ ሰው፣ ያ አንድ ቃል ከመቶ ስድብ እንደሚከብድ ያውቃል። ስድብ ተሰዳቢውን ለሌላ ስድብ ይጋብዘዋል፤ ትዝብት ግን ወደ ራሱ እንዲመለከት ያስገድደዋል።

ይህ ጉዳይ በጂጂጋና በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ከተሞች የተለየ ክብደት አለው። በእነዚህ ከተሞች ሶማሊኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። ቋንቋዎች በሚጎራበቱበት ሥፍራ ደግሞ ድንበሩን ቀድሞ የሚሻገረው ብዙ ጊዜ ስድብ ነው። ልጅ በጎረቤቱ ቋንቋ እንደምን አደርክ ማለትን ሳይማር መሳደቢያውን ይለምዳል፤ ትርጉሙን ሳያውቅም ይደጋግመዋል። የጎረቤት ልጅስ ከእኛው ልጅ የሚቀበለው አማርኛ ይኸው ከሆነ ቋንቋችንን በምን ያውቀዋል? እኛንስ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብሎ ያስባል?

ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ለቃል ታላቅ ክብር ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ጋበይ በሚባለው ግጥማቸው ባለቅኔው አንድ ድምፅ ይመርጣል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያንዳንዱ ስንኝ በዚያው ድምፅ የሚጀምር ቃል ሊኖረው ግድ ነው። ይህን ሕግ ጠብቆ ብሶትን ወይም እርቅን ለመናገር ሰፊ የቃላት ጎተራ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ችሎታ ብቻውን አይበቃም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ ዓሊ ዱህ የተባለው ባለቅኔ የጀመረውና ሌሎች እየተቀባበሉ የመለሱት የግጥም ሰንሰለት «ጉባ» በሚል ስም ይታወቃል፤ ስሙም ማቃጠልን ያመለክታል። ጎሳ የጎሳን ሽንፈት እያነሣ የተነቃቀፈበት ይህ ግጥም የደረቀ ቁስል በመቀስቀስ ይታወሳል። እንግዲህ የተመረጠ ቃል እንኳ ፍቅር ሲጎድለው ካቃጠለ፣ ያልተመረጠውማ ምን ያደርግ ይሆን?

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ 3ኛ ምዕራፍ አንደበትን ትልቅ ጫካ በሚያነድ ትንሽ እሳት መስሎታል። እሳት ምን እንደሆነ ለጂጂጋ ምእመናን መንገር አያስፈልግም። በ2010 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በከተማዪቱና በሌሎች የክልሉ ከተሞች በተነሣው ሁከት ካህናትና ምእመናን ተገድለዋል፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ንብረት ተዘርፏል። ያን ጥፋት ስድብ ብቻውን አመጣው አንልም፤ የተበደለውንም መውቀሳችን አይደለም። ሆኖም ጎረቤቱ በንቀት ስም ሲጠራ መስማት የለመደ ጆሮ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ «ተው!» ለማለት ይዘገያል። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ጥፋተኛውን ሊቀጣ ይችላል። ለልጆች መልካም ቃል ማስተማር ግን የቤተሰብ ሥራ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ስንቅ አባቶቻችን አኑረውልናል። አለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ደከሙበት፤ እርሳቸው ካረፉ በኋላም ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። አለቃ ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ለንባብ አበቁ። ሁለቱ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የኖሩትና የሠሩት ከጂጂጋ ብዙም በማትርቀው በድሬዳዋ ነበር። ሦስት ትውልድ መምህርና ተማሪ እየተቀባበለ የለቀመውን ቃል እኛ በአንድ ጸያፍ ቃል ልንለውጠው አይገባም።

ስለሆነም በዓሉን ምክንያት አድርገን ለእያንዳንዱ ቤት የምናሳስበው ቀላል ነገር ነው። ወላጅ ልጁን «አትሳደብ» ብሎ ብቻ አይተወው፤ በስድቡ ፈንታ ቃል ይስጠው። «ተናደድህ ወይስ ተቀየምህ? ወይስ አፍረህ ነው?» ብሎ ይጠይቀው፤ ስሜቱን በስሙ የጠራ ልጅ ግማሹ ቁጣ ይበርድለታል። አያቶችም ምርቃታቸውን ልጆች በሚሰሙበት ቦታ ያርዝሙት፤ ምርቃት የቃላት ትምህርት ቤት ነውና። ልጆቻችን ከጎረቤት ቋንቋ አስቀድመው «ነበድ» ብሎ ሰላም ማለትን፣ «መሐድሰኒድ» ብሎ ማመስገንን ይማሩ። እንኳን አደረሳችሁ ሊለን ለሚመጣው ሶማሌ ጎረቤታችን ልጃችን በቋንቋው ቢያመሰግነው ከማንኛውም መስተንግዶ ይበልጣል።

ጌታችን ከሙታን ተለይቶ በተነሣ ዕለት በሩ በተዘጋ ቤት ለተሰበሰቡት ደቀ መዛሙርት ተገለጠላቸው። በመከራው ሰዓት ጥለውት ሸሽተዋል፤ አንዱም ክዶታል። የሚወቅሳቸው ብዙ ነገር ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ የሰጣቸው ሰላምን ነው። የፋሲካን ማዕድ ከበን ስንቀመጥ አንደበታችንም የሚፈታው በዚህ ቃል ይሁን።

መልካም የትንሣኤ በዓል!