ቆላ ላይ ውሃ አትሽጡ

«አገሩ ቆላ ስለሆነ ውሃ ነው የሚያዋጣህ» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ኮሚሽንም አልነበረኝም። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን፣ ማጀቴ ፎቶ ቤት ያለው የአክስቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት ኮምፒውተር እንድሠራለት ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ሰማያዊ ውሃ የሚዞርበት ማሽን ነበረኝ፤ ቱቦውን ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ አጥፌ፣ ራሴ የገጠምኩት። ፎቶውን ልኬለት «እንደዚህ ይሁንልህ» አልኩት። ገንዘቡ አክስቴ ማሾ ሸጠው ያስቀመጡት ነበር።

ያቺን ዐረፍተ ነገር ዛሬም በየቴሌግራም ግሩፑ አያታለሁ። ድሬዳዋ ላለ ልጅ ይሏታል፣ ሰመራ ላለ ልጅ ይሏታል፣ ጋምቤላ ላለ ልጅ ይሏታል፦ ሙቀት ነው፣ ስለዚህ ውሃ ግጠም። ስታዩዋት ልክ ትመስላለች። እኔ ግን የምህንድስና ዲግሪ ይዤ ስለተናገርኳት ነው ይበልጥ የማፍረው፤ ነገሩን ገልብጣ ነው የያዘችው።

ውሃ አያቀዘቅዝም። ውሃ ሙቀት ይሸከማል። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው የመዳብ ብሎክ ሙቀቱን ለውሃው ያስረክባል፣ ፓምፑ ውሃውን ይገፋዋል፣ ውሃው ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፣ ራዲያተሩ ላይ ያለው ፋን ደግሞ ይነፋበታል። ምን ይነፋል? የክፍሉን አየር ነዋ። ውሃ በመሸከሙ ጎበዝ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ሊትር አየር ከሚይዘው ሙቀት ከ3,000 እጥፍ በላይ ይይዛል። ማስታወቂያው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ሸክሙ መጨረሻ ላይ የት እንደሚራገፍ አይነግራችሁም። ክፍሉ 35 ዲግሪ ከሆነ ውሃው ከ35 በታች አይወርድም። ማሽኑ ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ፣ በደንብ የተገጠመም ቢሆን፣ ከክፍሉ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚረጋው።

አክስቴ ጓዳ ያለው እንስራ ከዚህ ይበልጣል። ማጋነኔ አይደለም። የሸክላው ገላ ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ውስጥ ያለው ውሃ ከክፍሉ በታች ይቀዘቅዛል። የእኔ ሰማያዊ ውሃ ግን በቱቦ ታሽጎ የሚዞር ነው፤ አይተንም፣ ስለዚህ ከክፍሉ በታች የሚወርድበት መንገድ የለውም። (ውጭ አገር ውሃውን እንደ ሻወር እያንጠባጠቡ በትነት የሚያቀዘቅዙ ሰዎች ነበሩ። ይሠራል። ግን ውሃ ይጠጣል። በበጋ ጀሪካን ይዞ ለሚሰለፍ ቤተሰብ «ኮምፒውተሩም ውሃ ጠምቶታል» ማለት እኔ አልደፍርም።)

በሰኔ ማሽኑን ውሃውን አፍስሼ፣ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ጣርማበርን ይዤው ወረድኩ። አዲስ አበባ ስሞክረው ክፍሌ 20፣ ውሃው 30፣ ፕሮሰሰሩ ሬንደር ላይ 64 ዲግሪ ነበር። ማጀቴ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፦ ክፍሉ 35፣ ውሃው 45፣ ፕሮሰሰሩ 79። ተመልከቱት። ክፍሉ የጨመረውን ያህል ሁሉም ነገር ጨመረ። ውሃው ከቆላው ሙቀት አንዲት ዲግሪ አልቀነሰልኝም። በዚያች ሰዓት ዝም ብዬ ማሸግና መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን «79 ምንም አይልም» ብዬ መብራቱን አበራሁና ፎቶ አነሳሁት። ፎቶው ቆንጆ ነበር፣ ብዙ ልብም አገኘ።

እኛ ኮድ ጸሐፊዎች የምንስቅባት ሰበብ አለች፦ «እኔ ማሽን ላይ ይሠራል።» ደንበኛው ጋ የተበላሸ ነገር ሲኖር ገና ሳናየው የምንላት። እንግዲህ እኔ 2,300 ሜትር ላይ፣ 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ፣ ዕቃው የሚሸጥበት ሱቅ በእግር የሚደረስበት ከተማ ውስጥ የሠራሁትን ነገር ነው ወደ ይፋት ያወረድኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ክረምቱ ሳያልቅ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ወራት ቆየ። ለስላሳ ቱቦ ያለበት ሰርኪዩት ደግሞ ቢታሸግም በወራት ውስጥ ጥቂት ጥቂት ውሃ ያጣል፣ በሙቀት ሲሆን ይብሳል። የአክስቴ ልጅ ጠርሙሱ ሲጎድል አየና ሞላው። በምን? በቧንቧ ውሃ። ማን ይፈርድበታል? «የባትሪ ውሃ ብቻ» ብዬ አልነገርኩትም፤ ነገር ግን ማንኛውም ጋራዥ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ያ የተጣራ ውሃ ነበር የሚያስፈልገው። የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ንጣፍ ታውቁታላችሁ አይደል? የብሎኩ ውስጠኛ ክፍል ከአንድ ሚሊሜትር በታች የተራራቁ ስንጥቆች ናቸው። ነጩ ነገር እዚያ ተቀመጠ።

የእኔ ጥፋት ደግሞ ከዚያ ይከፋል። ብር ለመቆጠብ የአሉሚኒየም ራዲያተር ከመዳብ ብሎክ ጋር ገጥሜ ነበር። ሁለት ብረት በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ደካማው ይበላል፤ አሉሚኒየሙ ተበላ፣ ፍርፋሪው ዞሮ ዞሮ ብሎኩን ደፈነው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ።

ጥር 2016። ጥር ማለት ለፎቶ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። ማሽኑ ሬንደር በጀመረ በአራት ደቂቃው 100 ዲግሪ እየነካ ራሱን ያንቀራፍፋል። ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ይደውልልኛል፤ «ወንድሜ፣ ፓምፑ ይሰማኛል፣ ውሃው ግን አይንቀሳቀስም» ይለኛል። መንገዱ ስለማያስኬድ መሄድ አልቻልኩም። በስልክ ቱቦ ማስፈታት ሞክሬ ጠረጴዛው ላይ ውሃ አስደፋሁት። የሦስት ሰርግ ቪዲዮ ዘገየ። አንደኛው ቤተሰብ ቀሪውን ሂሳብ አልከፍልም አለ፣ እውነታቸውን ነው። አክስቴ በኋላ ሲያገኙኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ያ ሰማያዊው ውሃ ምን ይሠራ ነበር ልጄ?» ለስንት ደንበኛ ስንት ነገር ያስረዳሁ ሰውዬ መልስ አጣሁ።

አሁን ወደ ጠባችን ልመለስ፤ የሚመጣብኝን አውቀዋለሁና።

አንደኛው «ውሃ ማቀዝቀዣ ከንቱ ከሆነ ታላላቆቹ ለምን ይጠቀሙታል?» ይላል። ከንቱ ነው አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤንቪዲያ ያስተዋወቀው ጂቢ200 ኤንቪኤል72 የተባለው መደርደሪያ 72 ግራፊክስ ፕሮሰሰር በአንድ ቁም ሣጥን አጭቆ ወደ 120 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ያንን በፋን ብቻ ማቀዝቀዝ አይታሰብም። እዚያ ግን ሙቀቱን ከሕንፃው የሚያስወጣ ሌላ ሥርዓት አለ፣ ሌሊትና ቀን የሚጠብቅ ቴክኒሻን አለ፣ የውሃውን ጥራት የሚለካ ሰው አለ። እንደዚያም ሆኖ ይሳሳታሉ፤ አፕል በ2004 ያወጣው በፈሳሽ የሚቀዘቅዘው ፓወር ማክ ጂ5 ከዓመታት በኋላ ፈሳሹ አንዳንዱ ላይ እያፈሰሰ ማሽኑን በልቶታል። የፎቶ ቤቱ ፕሮሰሰር 150 ዋት ነው። እንደ አንድ የድሮ አምፖልና ግማሽ ማለት ነው።

ሁለተኛው ክስ ያመኛል። «ቆለኛ ጥሩ ነገር አይገባውም ወይ? አዲስ አበቤ ሲያበራ ያምርበታል፣ ማጀቴ ሲደርስ ቅንጦት ሆነ?» ይህንን ያለኝ የአገሬ ልጅ ነው፣ ቀልዱን አይደለም። መልሴ እንዲህ ነው፦ ቆለኛ የሚገባው በግንቦት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሚሠራ ማሽን ነው። ሲበላሽ ሸዋሮቢት ባለ ሰው እጅ የሚድን ማሽን። የሌላ አገር ክፍል ታስቦ የተሠራን ጌጥ አውርዶ መስጠት እኩል ማድረግ አይባልም፤ እኔ አድርጌዋለሁ፣ ንቀት ነበር። ክፍሉን ሳልጠይቅ ነው መልሱን የሰጠሁት።

ደግሞ ይህ ነገር ድሮ ጌጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሜሪካኖቹ ኮምፒውተራቸውን በውሃ ሲያቀዘቅዙ፣ የ1977 ፖንቲያክ ቦንቪል መኪናን የማሞቂያ ራዲያተር ከወዳቂ መኪና እየነቀሉ፣ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ እየገዙ፣ ብሎኩን ራሳቸው እየበሱ ነበር። የጋራዥ ሥራ ነበር። ሲበላሽ የሚያድነው የሠራው ሰው ነው። ዛሬ የሚሸጥላችሁ ያ እጅ ተቆርጦ የቀረው መብራት ነው። በይፋት ያንን ዕውቀት የሚያውቁት፣ ግሩፑ ውስጥ ያለነው ሳንሆን፣ የአይሱዙ ሾፌሮች ናቸው። ከሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ተነስቶ ሽንኩርት ጭኖ ጣርማበርን የሚወጣ ሰው ራዲያተር ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ያውቃል። በቀትር አይወጣውም። ውድቅት ላይ ተነስቶ በብርዱ ያልፈዋል፣ ረዳቱም ውሃ የያዘ ጀሪካን ይዞ ነው የሚሳፈረው።

የአክስቴ ልጅ ማሽን የዳነውም እንደዚሁ ነው። መንገዱ ሲሻል ወፍራም ሂትሲንክ ከነፋኑ በሰው ላክሁለት። ውሃውን፣ ፓምፑን፣ ቱቦውን አወጣው። (የሚያስቀው፣ ሂትሲንኩም ውስጥ ውሃ አለ። በመዳብ ቧንቧዎቹ ውስጥ የታሸገ ጥቂት ጠብታ፣ ትኩስ ጫፉ ላይ ይተናል፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ተመልሶ ይፈሳል። ፓምፕ የለው፣ መሙላት የለው፣ መብራት የለው።) ከዚያ የፕሮሰሰሩን የኃይል ጣሪያ ከ150 ዋት ወደ 95 አወረድነው፤ አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረ ሬንደር ወደ ሰባት ደቂቃ ጨመረ። በቃ፣ ሰባት ደቂቃ። የፊት መግቢያው ላይ ለአቧራ የሴት ስቶኪንግ ወጠረበት፤ በየሳምንቱ ያጥበዋል። ከባድ ሥራ ሲኖር ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ያስጀምረውና በሩን ከፍቶ ይተኛል። በራዲያተሩ ፈንታ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ገዝተን ቢሆን ኖሮ ጥር ያልፍ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ አሁን እበሳጫለሁ፤ ዩፒኤሱን «በኋላ» ያልኩት ለራዲያተሩ ብር ስላነሰኝ ነበርና።

ሐምሌ 2016 ላይ ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከልኩ አለፈ። ከዱባይ በሻንጣ የሚመጣ አንድ ፓምፕ ዛሬ የፎቶ ቤት የወራት ኪራይ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ እናንተ ግሩፑ ውስጥ ያላችሁ፣ በተለይ ዲግሪ አለኝ የምትሉት፦ ሰው «ቆላ ነኝ፣ ምን ልግጠም?» ሲላችሁ ክፍልህ ስንት ዲግሪ ነው በሉት፣ መብራት በቀን ስንት ጊዜ ይጠፋል በሉት፣ ሲደፈን ማን ይፈታልሃል በሉት። ያልመለሰላችሁን ሰው ገንዘብ አታስወጡ።

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ ያለ ልጅ ጠየቀኝ። ሦስቱንም ጥያቄ ጻፍኩለት። ክፍሉ 34፣ መብራቱ እንደ ዕድል፣ የሚፈታለትም ሰው የለም። ቁጥሮቼን ሁሉ ላክሁለት፣ የተበላውን ራዲያተር ፎቶም ጨመርኩለት። ረጅም ሰዓት ዝም አለ። ከዚያ የድሮውን ማሽኔን ፎቶ፣ ያንን ሰማያዊውን፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ መልሶ ላከልኝ።

«ግን ያምራል» አለኝ።