ከጦሳ ጉም የሚወጣ አይሮፕላን

አንባቢ ሆይ፤ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላጫውትህ። እ.ኤ.አ. በ1960 «ዘ ትዋይላይት ዞን» በሚባለው የአሜሪካ ዝግጅት የታየ፣ ሪቻርድ ማቲሰን የደረሰው፣ «የመጨረሻው በረራ» የተባለ አጭር ሥራ ነው። ዴከር የሚባል እንግሊዛዊ አብራሪ በ1917 በጠላት የተከበበ ጓደኛውን ጥሎ ይሸሻል። እንግዳ ደመና ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ፈረንሳይ አገር ባለ የአሜሪካ የጦር ሰፈር ያርፋል፤ ዘመኑ ግን 1959 ነው። ሞቷል ብሎ ያሰበው ጓደኛው ማኬይ በሕይወት እንዳለ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የብዙ ሰዎችን ነፍስ እንዳዳነ ይሰማል። ያን ጊዜ ነገሩ ይገባዋል፤ ማኬይን ያተረፈው እሱ ራሱ ተመልሶ መሆን አለበት። ወደ ደመናው ይመለሳል፤ ጓደኛውን አድኖ ይሞታል።

ድራማውን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ከደሴ ሆኖ ለሚያየው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጸጸቱም ምሕረቱም ያለው በአብራሪዎቹ ዘንድ ነው፤ ከአይሮፕላኑ በታች ሰው አይታይም። የእኛ አገር ሰው ግን የጦር አይሮፕላንን ያወቀው ከታች ሆኖ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሰፍረው ነበር፤ ራሳቸው መትረየስ ይዘው እንደ ተኮሱ ይነገራል። ቀይ መስቀል የተሳለበት የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። የንጉሡን ተኩስ ታሪክ ጽፎታል፤ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ተኝቶ የነበረውን ሕመምተኛ ስም የሚያውቅ ግን ከመካከላችን ማን ነው?

«መንፈስና አይሮፕላን ምን አገናኛቸው? የፈረንጅ ተረት ነው» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው የአንቺምን ጦርነት ያስታውስ። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በራስ ጉግሣ ወሌ ላይ የተላኩት አይሮፕላኖች ከቦምቡ በፊት የጣሉት ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱም ራስ ጉግሣን የሚከተለውን ሁሉ የሚያወግዝ የቤተ ክርስቲያን ቃል ይዞ ነበር። በአገራችን ግዝትና ቦምብ ከአንድ ሰማይ ወርደዋል።

እንግዲህ የእኛ ድራማ እንዲህ ቢጀምርስ? አንድ ማለዳ፣ ከ1928 የቀረ ኢጣልያዊ አብራሪ ከጦሳ ጉም ወጥቶ፣ ነዳጅ አልቆበት፣ ኮምቦልቻ አይሮፕላን ማረፊያ ያርፋል። ወሎ እንግዳ መመለስ አያውቅምና ቡና ይፈላለታል። አቦሉን ሲጠጣ፣ ከደሴ ሐረጎን ወርደው የመጡ አንዲት እናት ፊቱን አይተው ይጠይቁታል፤ «ልጄ፣ ያንን ቀይ መስቀል አይተኸው ነበር?»

ምን ብሎ ይመልሳል? «አላየሁም» ቢል እናምነዋለን? «አይቻለሁ» ቢልስ ስኒውን እንቀማዋለን? በእኔ አስተያየት ቶናውም ይቀዳለት፤ ነገር ግን ሳይመልስ በረካውን አይቅመስ። እውነት ያልቀደመው ምርቃት ለመራቂውም ለተመራቂውም አይበጅም። ዴከርን ያዳነው ደመናው አይደለም፤ ሸሽቻለሁ ብሎ መናዘዙ ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። እኔ የምፈራው ግን የተወጋውም እየረሳ መሆኑን ነው። የአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጓዳና ብዙ ሳሎን አሳይቶናል። ሰማዩንስ? ዛሬም በዓለም ላይ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ልጁን አቅፎ ወደ ላይ ቀና የሚል ሰው ሞልቷል። የዚህን ሰው ድራማ ለመጻፍ ከደሴ ልጅ የተሻለ ማን ይገኛል?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ወረቀትና ብዕር አለን። የእናቲቱን ጥያቄ ጽፌላችኋለሁ፤ የአብራሪውን መልስ እናንተ ጻፉት።